እናቴ የጾመችበት ቀጠሮ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ፌቨን ሳሎን ውስጥ ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። ጨርቁ ላይ ውኃ ረጨት አድርጋ ካውያውን ስታሳርፍበት የሚነሳው ያ እርጥብና ትኩስ ሽታ ኩሽና ድረስ መጣብኝ። ሰው ስልሳን ሲጠጋ ዓይኑ ይደክምና አፍንጫው ሥራ ይጀምራል መሰለኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለሁ ድንገት የሠላሳ ዓመት ሴት ሆኜ፣ የሰው ልብስ ለብሼ፣ አንድ የተዘጋ በር ፊት ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ፌቨን በማግስቱ የሁለተኛ ዲግሪ አማካሪዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታገኝ ነበር። "አድቫይዘሬ" ነው የምትለው። በስልክ ተጻጽፈዋል፤ ሰውዬው ቀኑንና ሰዓቱን ልኮላት ከሥሩ የፈገግታ ምልክት ጨምሮበታል። ፌቨን ምልክቱን ደጋግማ እያየች ደስ ይላታል። እኔ ግን አማካሪ ሲስቅ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ብዙም ደስ አላለኝም።

እናቴ ደግሞ እዚያው ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ካለው ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። ሰማንያን አልፋለች፣ ስኳር አለባት፣ ከቀኝ ዳሌዋ ታነክሳለች። ጠዋት ቁርሷን ሳቀርብላት በእጇ ጀርባ ገፋ አደረገችው። "ለፌቨን ይዣለሁ" አለችኝ። ጾም ይዣለሁ ማለቷ ነው። የእሷ ጾም ደግሞ ሥጋና ቅቤ መተው አይደለም፤ እህልም ውኃም የማይነካበት ደረቅ ጾም ነው። ሐኪሙ አንድ ምግብ እንኳ ብትዘል ልትወድቅ እንደምትችል፣ በዚህ ዕድሜዋ ከወደቀች ደግሞ እንደማትነሳ በግልጽ ነግሮናል። ይህን ባስታውሳት አዘነችብኝ። "ላንቺ ያደረግሁትን ለልጅሽ እነፍጋለሁ?" አለች። እኔ ምን መመለስ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ አውቃለሁ። ግን ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ።

ለእኔ ያደረገችውን ለመናገር ወደዚያ ዘመን መመለስ ሊኖርብኝ ነው። ያኔ ሀዋሳ ባጃጅ የማታውቅ የጋሪና የሳይክል ከተማ ነበረች። ከመናኸሪያ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ጋሪ ሃምሳ ሳንቲም ያስከፍላል፤ እናቴን የመሰለች ተከራካሪ የገጠመችው ባለጋሪ ደግሞ በስሙኒ ይወስድና መንገዱን ሁሉ እያጉረመረመ ንዴቱን በፈረሱ ይወጣል። ሻይም ሃምሳ ሳንቲም ነበር። አሁን በሃምሳ ሳንቲም የሻዩን ሽታ እንኳ የሚያሸት የለም። የካሴት ቤቶቹ ፊት ለፊት እየተያዩ ይጮኻሉ፤ ከወዲህ መዝሙር፣ ከወዲያ ፍቅረኛው የከዳችው ሰው ለቅሶ። በመሀል የሚያልፈው ሰው ለጌታ ይዘምር ለሴቲቱ ያልቅስ ግራ ይገባዋል። አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈራችን ገና ቤቱ ሳሳ ያለ ነበር፤ ከዝናብ በኋላ እንቁራሪቱ ከጸሎት ቤቱ መዘምራን ይበልጥ ይሰማ ነበር። ዛሬ ያ ሜዳ ሁሉ ባለ አራት ፎቅ ሆኗል፤ እንቁራሪቶቹ የት እንደገቡ እግዜር ይወቅ። ይህን ስናገር ያኔ ሁሉም ደግ፣ ሁሉም ጥሩ ነበር ለማለት አይደለም። ሻዩ ርካሽ ነበር እንጂ ሰዉ እንደዛሬው ነበር።

እኔ ያኔ በአንድ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሁለተኛ ዲግሪ እንድማር ፈቃድ ለማግኘት ለዓመታት ደጅ ጠንቼ፣ ሦስት ኃላፊ ተቀያይሮብኝ፣ የመጨረሻው "ሴት ልጅ ተምራ ተምራ መጨረሻዋ ወጥ ቤት ነው" እያለ እየሳቀ ፈረመልኝ። ገና አላገባሁም፤ ጓደኞቼ ሁለትና ሦስት ወልደው እኔ ደብተር ይዤ ስሄድ ሲያዩኝ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ስለዚህ መመለስ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ብመለስ ያ ኃላፊ በር ላይ ቆሞ "አላልኩሽም?" ይለኛል። ይህን ከመስማት ሐይቁ ውስጥ ብገባ ይሻለኝ ነበር። የማጠናው ስለ ሐይቁ ዓሣ፣ በተለይ ስለ ቆሮሶ ነበርና ቢያንስ ከዓሦቹ ጋር እተዋወቅ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ነባሮቹ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እዚያ ተሰብስበው አዲስ ገቢውን ያሠለጥናሉ፤ ማሠልጠን ይባል ማስፈራራት እንጃ። የሁሉም አለቃ ጋሽ መላኩ የሚባል፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ከጎጃም የመጣ መምህር ነበር። አማካሪዬ እንዲሆን የምጠይቀው ዶክተር በላቸው መሆኑን ስነግረው ቦምቦሊኖውን ከአፉ መለሰው።

"በላቸው? ነፍስ ይማር" አለኝ።

"ኧረ ጋሽ መላኩ!"

"ሽቶ እንዳትቀቢ። ያስነጥሰዋል፣ ሲያስነጥስ ደግሞ ይናደዳል። 'ይመስለኛል' አትበይ። 'አላውቅም' አትበይ። 'አውቃለሁ'ም አትበይ።"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"እናንተ ጴንጤዎች ጸሎት ትችሉ የለ? ጸልዪ።" ሁሉም ሳቁ። እሱ ግን ወዲያው ኮስተር አለ። "ስሚ እህቴ፣ ቀልዱን ተዪው። ሌላ የዓሣ ሰው የለም። እሱ 'አይሆንም' ካለሽ አልቋል፣ ሻንጣሽን ነው የምታስሪው። አምና አንድ ልጅ ነበር፤ ጠዋት አይሆንም አለው፣ በማግስቱ መናኸሪያ ሸኘነው።"

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አልረሳውም። የሰውዬውን ጽሑፎች ከቤተ መጻሕፍት አውጥቼ በቃሌ ያዝኩ። ሁለት ገጽ ሐሳቤን መናኸሪያ አጠገብ ያለች ጸሐፊ ዘንድ አስተይቤ፣ ፍሎፒውን በፌስታል ጠቅልዬ እንደ ታቦት ይዤው ዞርኩ። ባንክ የምትሠራ ጎረቤታችን ጥቁር ሱፍ ቀሚሷን ከነኮቱ አዋሰችኝ፤ ትከሻ ውስጥ ስፖንጅ የሚከተትበት ጊዜ ነበርና ስለብሰው ከአንገቴ በታች ኮሎኔል መሰልኩ። ታኮ ጫማም ሰጠችኝ፣ በአንድ ቁጥር ይጠበኛል። እናቴ በከሰል ካውያ ቀሚሱን ስትተኩስ አመድ እንዳይነካው ትንፋሿን ይዛ ነበር። ያ ሽታ ነው ባለፈው ሳምንት ኩሽና ድረስ የመጣብኝ።

እናቴ ያኔ አምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ አሮጌ ገበያ ቅቤ የምትነግድ፣ የቅቤውን እንስራ ብቻዋን አንስታ ጋሪ ላይ የምትጭን ሴት ነበረች። አማርኛዋ እስከ ዛሬም ሲዳምኛውን ተደግፎ ነው የሚሄደው፤ ስትጸልይ ግን ምንም ድጋፍ አትፈልግም። ቀሚሱን ተኩሳ ሰቀለችና እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

"ጌታ አሳየኝ" አለች። "አንቺ ወንበር ላይ ተቀምጠሻል። ሰውዬው ቆሟል። 'አይሆንም' ይልሻል። አትነሺ።"

"እማዬ፣ ዶክተር እኮ ነው።"

"ፈርዖንም ንጉሥ ነበር።"

"ውጪ ቢለኝስ?"

"አትነሺ ነው የምልሽ! 'እሺ' እስኪል አትነሺ። እኔ በጾም እይዝልሻለሁ፣ አንቺ በወንበር ያዢ። ቃል ግቢልኝ።"

ቃል ገባሁ። ሌላ አገር ያለ ተማሪ አማካሪው እምቢ ሲለው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ ምናልባት አመስግኖ ይወጣል፣ ምናልባት ደብዳቤ ይጽፋል። እኛ ቤት ግን እናት ያየችው ራእይ ከዩኒቨርሲቲ ደንብ በላይ ነው። እናቴ በዚያው ቀን ጸሎት ቤት ገባች። ቀጠሮዬ በጾሟ ሦስተኛ ቀን ላይ ዋለ።

ዶክተር በላቸው ትልቅ ሰው ነው፤ ስለሱ ስጽፍ "አሉ፣ መጡ" ማለት ነበረብኝ። ፊት ለፊት አንቱ ብዬዋለሁ፣ እዚህ ግን አልችልም። ቢሮው ጠባብ ነበር፤ መደርደሪያው ላይ በጠርሙስ የታሸጉ ዓሦች ዓይናቸውን አፍጥጠው ይመለከታሉ፣ ዓሦቹ የተነከሩበት መድኃኒት ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። በመስኮቱ በኩል ቀይ አበባ ያፈሰሰ የድሬዳዋ ዛፍ ይታያል። ቁጭ በይ አላለኝም፤ እኔ ግን ወንበሯን ሳይ ልቤ "ይቺው ናት" አለኝና ተቀመጥኩ።

"ከየት ነሽ?"

"ከግብርና ጽሕፈት ቤት ነኝ።"

"አሃ። ደሞዝ እየበሉ ለማረፍ ከሚመጡት።" ሁለቱን ገጽ ተቀብሎ አነበበ፤ ማለቴ ዓይኑን አሳለፈበት። "ይህን ማን ጻፈልሽ?"

"ራሴ ነኝ።"

"ያስታውቃል።" የሻይ ብርጭቆውን አንስቶ ወረቀቴ ላይ አስቀመጠው። "ጀልባ ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ዋናስ?"

"አልችልም።"

"እንግዲያው ቆሮሶዎቹን ዳር ቆመሽ በስማቸው ልትጠሪያቸው ነው።" መነጽሩን አውልቆ አየኝ። "አይሆንም። ሂጂ።"

ከዚያ ሁሉ በቃሌ ከያዝኩት ጽሑፍ አንዲት ቃል አልወጣኝም። እጆቼ ብቻ የወንበሯን ጠርዝ ያዙ። አልተነሳሁም።

"አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ?"

"እሺ እስኪሉኝ እቀመጣለሁ።"

መነጽሩን መልሶ አድርጎ አየኝ። ከዚያ ከንፈሩ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ብቅ አለ፤ አሻንጉሊት እንዳገኘ ሕፃን ደስ አለው። መልሶ ሥራውን ቀጠለ። ሰው ሲገባ ያስተናግዳል፣ በእኔ በኩል ያለውን መጽሐፍ ሲፈልግ እኔን እንደ ኮት መስቀያ አልፎ ይዘረጋል። ስልክ ተደወለለት። "አይ፣ ብቻዬን አይደለሁም፤ አንዲት ሴትዮ ወንበሬ ላይ በቅላብኛለች" ብሎ ሳቀ። ጫማው እግሬን በላኝ፣ የኮቱ ትከሻ አላበኝ፣ ቀስ በቀስ ደግሞ ሽንቴ መጣ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ተነስቶ ጃኬቱን ለበሰ፤ ይወጣና ያመልጠኛል ብዬ ስሰጋ ከውጭ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሲዞር ሰማሁ። ቆለፈብኝ። የሰው ልጅ ከነሕይወቱ፣ ከነሽንቱ፣ ከጠርሙስ ዓሦች ጋር ተቆለፈበት። መጮህ እችል ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ የሰው ኮቴ ይሰማል። ግን ብጮህ ያሸነፈኝ መሰለኝ፣ ቃሌም የሚፈርስ መሰለኝ። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ እንኳ አልተነሳሁም። ይህን ስናገር ልጆች ይስቃሉ፤ ፌቨንም "እማ፣ ማን ያይሽ ነበር?" ትለኛለች። ያኔ ግን እናቴ ጸሎት ቤት ውስጥ በደረቅ ጉሮሮ ተደፍታለች፤ እኔ ብነሳ እሷ የምታውቅ ይመስለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በሩ ሲከፈት ብቻውን አልነበረም። ሦስት ባልደረቦቹን ይዞ መጥቷል፤ ሊያሳያቸው። "ይቺውላችሁ" አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ለሕፃን በሚያወሩበት ድምፅ፣ "አትነሺ ያለሽ ሰው አለ እንዴ? እስቲ ንገሪን" አለኝ።

"እናቴ ናት" አልኩ።

ሳቁ። "ምን ብለው?" አለ አንዱ። ነገርኳቸው። ወንበሩን፣ ቆሞ የታየውን ሰውዬ፣ ፈርዖንንም ሳላስቀር። አንደኛው ግድግዳውን ይዞ ሳቀ፤ ሌላኛው እንባውን በመሐረብ ጠረገ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ሰው ሲስቅብህ አብረህ ፈገግ ካላልክ ይብስብሃል። ዶክተር በላቸው ሳቁን ሲጨርስ እጁን እንደ ቄስ አንስቶ "እሺ! እሺ ብያለሁ፤ ለእናትሽ ንገሪያቸው። አሁን ተነሺ" አለ። ስነሳ ግራ እግሬ ደንዝዞ ከዳኝና ጠረጴዛውን ያዝኩ፤ እንደገና ሳቁ። ወደ ሽንት ቤት ሮጥኩ፣ የሴቶቹ ተቆልፏል። የሆነው ሆነ፤ የተዋስኩት ሱፍ ቀሚስ ጥቁር መሆኑ በጀኝ።

በጋሪ ጸሎት ቤት ስደርስ ግቢው ውስጥ ሴቶች ተሰብስበዋል። እናቴ መሬት ላይ፣ ነጠላ አንጥፈውላት ተጋድማለች። ከጸሎት ልትነሳ ስትል ራሷን ስታ የደረጃው ድንጋይ ላይ ወድቃለች፤ ቀኝ እግሯ ሊዞር በማይገባው በኩል ዞሯል። ፊቷ የአመድ ቀለም ነበር። ጎንበስ ብዬ "እማዬ፣ እሺ አለኝ" ስላት ያ የአመድ ፊት በራ። "ሃሌ ሉያ!" ብላ ጮኸች፣ ሴቶቹም እልል አሉ፤ አንዷ እግሯን ሳታስተውል ነክታት የእልልታው መጨረሻ ዋይታ ሆነ። ወጌሻው አሽቶ አሰረው፤ ቆይተን ሐኪም ቤት ስንወስዳት የዳሌዋ አጥንት ጠሞ ገጥሟል፣ ስኳርም ተገኘባት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀጥ ብላ ሄዳ አታውቅም። የቅቤ እንስራም አላነሳችም። ንግዱ ቀረ።

እናቴ ግን አንድ ቀን አማርራ አታውቅም። ጠይቃ፣ አጠያይቃ፣ የወደቀችበትን ሰዓትና ሰውዬው እሺ ያለበትን ሰዓት አገናኘችው። "ያዕቆብም ከጌታ ጋር ሲታገል ዳሌው ነው የተነካው፤ ሳትባርከኝ አልለቅህም ብሎ። አንክሶ ነው የተባረከው" ትላለች። በየዓመቱ፣ የምስክርነት ፕሮግራም ሲኖር፣ እያነከሰች ወደ ፊት ትወጣና ታሪኩን ትናገራለች። የሰፈሩ ልጆች በቃላቸው ያውቁታል። ዘንድሮ እንኳ አዲሱ ፓስተር ማይክራፎኑን ዝቅ አድርጎ ይዞላት፣ ዳሌዋን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች "ይቺ ደረሰኜ ናት" ስትል ጉባኤው በሙሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። ምንም ቢሆን፣ በአንካሳነቱ የሚኮራ ሰው ከእሷ በቀር አይቼ አላውቅም።

ዶክተር በላቸው ደግሞ እስክመረቅ ድረስ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። "ወንበሯ" ነበር የሚለኝ። ጀልባ ላይ ማዕበል ሲያንገላታኝ "ወንበሯ፣ አሁንም አትነሺ!" እያለ ዓሣ አጥማጆቹን ያስቃል። የመመረቂያ ጽሑፌን ስከላከል እንኳ አዳራሹ በሞላበት "ቀጥላ ወንበሯ ታቀርባለች" ብሎ አስተዋወቀኝ። ተመረቅኩ። ያ "አላልኩሽም?" ሊለኝ ይጠብቅ የነበረው ኃላፊ ተነስቶ እኔ በወንበሩ ተቀመጥኩ፤ ቀደም ብዬ በፈቃዴ ጡረታ እስክወጣ ማንም አላስነሳኝም። ይህንን ሁሉ ሳስብ "ያ ቀን ባይኖር ይህ ሁሉ የት ይገኝ ነበር" እል ነበር። ከባድ ቀን ነበር፣ ግን ዋጋው የታወቀ፣ የተገዛበትም ነገር የታወቀ ቀን ነበር።

እንግዲህ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሐይቅ ዳር ዓሣ ልገዛ ወርጄ ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ድሮው የዓሣ አንጀት እየጠበቁ ቆመዋል፤ እነሱ ብቻ ናቸው ዋጋ ያልጨመሩት። ከዛፉ ሥር ካሉት ጠረጴዛዎች በአንዱ ሽማግሌ ሰው ጥብስ ዓሣ እየበላ ነበር፤ አጥንቱን ነቅሎ የሚደረድርበትን ሥርዓት ሳይ ማን እንደሆነ ወዲያው አወቅኩት። ሰላም ልበለው አልበለው ስል እሱው ቀደመኝ።

"ወንበሯ!" አለ ጮክ ብሎ። ሰው ሁሉ ዞረ።

"ዶክተር፣ እንደምን አሉ?"

"ሞትኩ እንጂ! ነይ ቁጭ በይ፤ ቁጭ ማለት ታውቂበት የለ?" እየሳቀ ሳለ ሳል ያዘው። ሲለቀው በጣቱ ጠቆመኝ። "እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ያኔ እኮ አንቺ ቢሮዬ ከመምጣትሽ ከሳምንት በፊት በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ተመድበሽልኝ ነበር።"

አልገባኝም። "ምን ማለት?"

"ተመድበሽ ነበራ! ያን ዓመት ደንቡ ተቀይሮ፣ ምደባው በስብሰባ ሆነ፤ መቀበልም አለመቀበልም የእኔ ሥልጣን አልነበረም። ለተማሪው ገና ስላልተነገረ ሁሉም እየፈራ ይመጣል። እኔም 'አይሆንም፣ ሂዱ' እላለሁ። ሰኞ ሰሌዳው ላይ ስማቸውን ሲያዩ ፊታቸውን ብታዪው! ሁሉም ወጥተው ሄዱ። አንቺ ብቻ አልሄድሽም። እስቲ እስከ መቼ ትቀመጥ ይሆን ብዬ ቆለፍኩብሽ። ሰኞ ስምሽን ስታዪ አንቺ እኔ እሺ ስላልኩ መስሎሻል።"

የዓሣው ዘይት አገጩ ላይ ወርዶ ነበር። ልናገር አሰብኩ፤ ስለ ድንጋዩ ደረጃ፣ ስለ ዳሌዋ፣ ስለ ቅቤው። ያወጣሁት ግን ሳቅ ነው። ያኔ ቢሮው ውስጥ ፈገግ ያልኩት ዓይነት ሳቅ። ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አሁንም ያ ሰውዬ ሲስቅ እስቃለሁ፤ ይህ ነው በራሴ ያናደደኝ።

"እናትሽ አሉ?" አለኝ ስነሳ።

"አሉ።"

"ሰላም በይልኝ። ፈርዖን ሰላም ብሎዎታል በያቸው።"

ሰላምታውን አላደረስኩም። ዓሣውን ጠብሼ እናቴን አበላኋት፤ በደንብ ጸልያ፣ አመስግና በላች። ይህን ነገር ይዤ እሞታለሁ፣ እሷም ደረሰኟን ይዛ ትሂድ ብዬ ወስኜ ነበር። ፌቨን ሸሚዟን ባትተኩስ፣ እናቴም "ይዣለሁ" ባትል ኖሮ እንዳሰብኩት ይሆን ነበር።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ የእናቴ ከንፈር ደርቆ፣ ጣቶቿ መንቀጥቀጥ ጀምረዋል። ፓስተሩ ጋ ደወልኩ። "እማማ፣ የታመመ ሰው አይጾምም፣ ጌታ ልብዎን ያያል" አላት። "አንተ በእናትህ ማሕፀን ሳለህ እኔ እጾም ነበር" ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። ፌቨን ተንበርክካ እግሯን ስማ ለመነቻት። እናቴ የልጅቷን ግንባር ስማ እምቢ አለቻት። የራሷ ግንባር ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ቤቱ ግን ቀዝቃዛ ነበር። ፌቨንን ሎሚ ግዢ ብዬ ወደ ሱቅ ሰደድኳትና እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፈርቼም ነበር፣ ተናድጄም ነበር፤ ያናገረኝ የትኛው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

"እማዬ፣ ያኔ የጾምሽው ምንም አላደረገም።"

"ምን አልሽ?"

"ሰውዬው እምቢ ማለት አይችልም ነበር። ከሳምንት በፊት ተመድቤለት ነበር። ብነሳም፣ ብሄድም፣ ቤቴ ብተኛም አማካሪዬ እሱ ነበር።"

"እሺ ያለው እኮ እኔ ስወድቅ ነው።"

"ከመውደቅሽ በፊት አልቆ ነበር።"

ያረጁ ዓይኖቿ ፊቴን ፈለጉ። "ማን ነው ይህን ያለሽ?"

"እሱ ራሱ። ሐይቅ ዳር አግኝቼው።"

"እያዘነ?"

ውሸት እዚህ ጋ ልትረዳኝ ትችል ነበር። "እየሳቀ" አልኩ።

ከውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል፣ ጎረቤት ቴሌቪዥን ይጮኻል። እጇ እንደ ልማዱ ዳሌዋ ላይ ነበር።

"ዳሌዬስ?" አለች።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ማቀፍ ነበረብኝ። ግን ላቡ ግንባሯ ላይ እየጨመረ ነበር፣ ግማሽ እውነት ነግሬያት እንደገና ወደ ያዕቆብ ብትመለስብኝ ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ።

"ርቦሽ ወደቅሽ፣ እማዬ። ርቦሽ ነው።"

እጇን ከዳሌዋ ላይ አነሳች። የት እንደምታስቀምጠው ያጣች መሰለች፤ በመጨረሻ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። "እንግዲያው ምሳ አቅርቢልኝ" አለች።

ሮጬ አቀረብኩ። እናቴ ውኃ እንኳ ሳትጸልይ ጠጥታ አታውቅም፤ ሰርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ ሐኪም ቤት አልጋ ላይ፣ ምግቡ እስኪበርድ ትጸልያለች። ጎንበስ ብዬ ጠበቅኳት። አልጸለየችም። እጇን ሰደደችና ጎረሰች፤ ደግማ ጎረሰች። ገበያ ውላ እንደመጣች ሴት፣ ማንንም ሳታይ በላች። ላቡ ቀስ በቀስ ደረቀ። ያሰብኩት ሆነልኝ፣ እናቴን አዳንኳት።

ፌቨን ሎሚውን ይዛ ስትገባ ሳህኑን አየችና በደስታ ጮኸች። "እሰይ እማማ! በላሽልኝ!" እያለች አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፣ ጉንጯን እየደጋገመች ሳመቻት። "ጾሙ ይቅር፣ ብቻ ነገ ጠዋት አድቫይዘሬ ጋ ስገባ ትጸልዪልኛለሽ አይደል?"

እናቴ አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። የልጅ ልጇን ፀጉር በሌላኛው እጇ ዳበስ አደረገች።

"ምን ያደርግልሻል ልጄ" አለቻት። "ሰዎቹ ቀድመው መድበውሻል።"